የዘይት መብራት በሚኒሞ ሲበራ፦ ሞተር ከማውረድ በፊት መለካት

ከአዳማ በፈጣን መንገዱ የሚመጣ መኪና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳያርፍ ይሮጣል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ እኛ ያለንበት ቱሉ ዲምቱ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ለሞተር ረጅም ዳገት ነው። ሾፌሩ ክፍያ ጣቢያው ጋ ደርሶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳና ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ነዳጅ ሲነካ ትጠፋለች፤ እግሩን ሲያነሳ ትመለሳለች። የምሠራበት ጋራዥ ከጣቢያው ብዙ ስለማይርቅ ብዙዎቹ ሞተሩ እንደጋለ ወደ እኛ ይታጠፋሉ። "እህት ዓለም፣ መብራቷን ብቻ አጥፊልኝ፣ ሞተሩ እንደሆነ ምንም አላለም" የሚሉኝ አሉ። "ሞተሩ ይውረድ ብለውኛል፣ ገንዘብ ልበደር ነው" የሚሉኝም አሉ። ለሁለቱም የምመልሰው አንድ ነው፦ መጀመሪያ እንለካው።

ይህን የምጽፈው መኪናቸውን ራሳቸው ለሚያዩ፣ ወይም መካኒካቸው የሚሠራውን አጠገቡ ቆመው ለሚከታተሉ ሰዎች ነው። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለው ቪትዝም ዲኤክስም ዶልፊንም ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ይገባል። አንድ ሞተር ያለ ምክንያት ሲፈታ ያሳዝነኛል፤ መፈታት እያለበት በመብራቷ ንቀት ቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያዘው ክንድ) መትቶ ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ቀይዋ መብራት የምትናገረው ስለ ዘይት ግፊት እንጂ ስለ ዘይት መጠን አይደለም። በአንዳንድ መኪኖች ቢጫ የዘይት ምልክት አለ፤ እሱ ነው መጠን የሚናገረው። ቀይዋ እየነዳችሁ በርታ ከቀረች፣ ነዳጅ ስትረግጡም ካልጠፋች፣ ወይም ከሞተሩ የመዶሻ ዓይነት ምት ከተሰማ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። "እስከ ሰፈር ልድረስ" አይባልም። ዘይት ያልደረሰው ብሮንዝ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ የብረት ቅርፊት) ለመበላት ብዙ ደቂቃ አይፈልግም። በሚኒሞ ብቻ የምትርገበገብ ከሆነ ለመመርመር ጊዜ አላችሁ፤ ለመርሳት ግን የላችሁም።

ለምን በሚኒሞ?

የዘይት ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 700 ወይም 750 ዙር ላይ ሲቆም ፓምፑም ዝግ ይላል፣ የሚገፋው ዘይትም ያንሳል። ፓምፕ ደግሞ ግፊት አይፈጥርም፤ ዘይት ብቻ ይገፋል። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እና በብሮንዙ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። የእነዚህ ግማሽ ክብ ቅርፊቶች ክፍተት በአዲስ ሞተር የሚሊ ሜትር መቶኛ ቤት ነው፣ በብዙዎቹ ከ0.02 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር። እዚህ ላይ መካኒክ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን በእሱ የሚያመልጠው ዘይት እጥፍ አይሆንም፤ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዓይን የማይታይ መበላት በሚኒሞ ላይ መብራት ያበራል። በ3,000 ዙር ግን ፓምፑ ብዙ ስለሚገፋ የሚያመልጠውን ያካክሳል፣ መብራቷም ትጠፋለች።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። በእኛ ሰፈር የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ የታወቀ ነው፤ ዘይቱ ወፍራም ስለሚሆን በጣም የደከመ ሞተር እንኳ ጠዋት ጥሩ ግፊት ያሳያል። መኪናውን ጠዋት አስነስቶ "ይኸው መብራት የለም" ማለት ምንም አያረጋግጥም። ምርመራው መሠራት ያለበት ዘይቱ ሲግል ነው፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ። የሙቀት መርፌው መሃል መድረሱ አይበቃም፤ ውሃው ከዘይቱ ቀድሞ ይግላል።

ከዲፕስቲክ ጀምሩ

ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ቋት) እስኪወርድ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ዲፕስቲኩን (የዘይት መጠን መለኪያ ዘንጉን) አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ እንደገና አውጡ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ነው። ከታችኛው በታች ከሆነ ሙሉና እንደገና ተመልከቱ፤ መብራቷ ኩርባ ላይ ወይም ፍሬን ስትይዙ ብቻ ትታይ ከነበረ ምክንያቱ ይኸው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዘይቱ የት እንደሄደ መፈለግ ግን አይቀርም፤ ከጭስ ማውጫ ሰማያዊ ጭስ አለ ወይ? የቆመችበት መሬት ላይ ጠብታ አለ ወይ?

መጠኑ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘና ማንም ካልጨመረ የከፋ ነው። አሽትቱት። ዶልፊንና አይሱዙ ላይ ናፍጣ በኢንጀክተር ወይም በኢንጀክሽን ፓምፑ በኩል ወደ ዘይቱ ገብቶ ያቀጥነዋል፤ ቤንዚን መኪና ላይ ደግሞ የማይተኩስ ካንዴላ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ታች ያወርዳል። በሁለት ጣት መካከል አሹት፤ ውሃ ውሃ ካለና የነዳጅ ሽታ ካለው ዘይቱን መቀየር ብቻውን ዋጋ የለውም፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይቀጥናል። የሚያስገባውን ቦታ ዝጉ። ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተሩን አታስነሱ።

የዘይቱ ዓይነት ቀጣዩ ጥያቄ ነው። ባለንብረቱን "ምን ዘይት ነው የሞላኸው?" ስለው "ጥሩ ዘይት" የሚለኝ ብዙ ነው። ቁጥሩን ነው የምፈልገው። 5/30 ለአዲስ ሞተር የተሰራ ቀጭን ዘይት ነው፤ ብዙ ለሠራ የድሮ ኮሮላ ሲሞላ በሚኒሞ ላይ መብራት ሊያበራ ይችላል። ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ፣ ቁጥሩም ምንጩም የማይታወቅ ዘይት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ሳልነካ አስቀይረዋለሁ። የማላውቀው ዘይት ባለበት ሞተር ላይ የሚነበብ ግፊት ምንም አይነግረኝም።

ከዚያ ሚኒሞውን ተመልከቱ። ሞተሩ 750 መቆም ሲገባው ቆሻሻ በያዘ የአየር ማስገቢያ ምክንያት 500 ላይ እየተንቀጠቀጠ ከቆመ፣ ኤሲ ሲበራ ወይም አውቶማቲኩ ማርሽ ውስጥ ሲገባ የበለጠ ወርዶ መብራት ያበራል። የአየር ማስገቢያውን አጽዱት፣ ሚኒሞውን ፋብሪካው ባለው ቁጥር አቁሙ። የተገላቢጦሹን ደግሞ ተጠንቀቁ፦ መብራቷ እንድትጠፋ ሚኒሞውን 1,100 ላይ አንስቶ የሚሰጣችሁ ሰው ችግሩን አልፈታም፤ ደብቆ ነው የመለሰላችሁ።

መብራቷ እውነት ትናገራለች?

አብዛኛዎቹ መኪኖች ላይ ያለው የዘይት ስዊች አንድ ሽቦ ብቻ አለው። ሞተር ሲጠፋ ውስጡ ያለው ኮንታክት ዝግ ነው፣ ሽቦውን ከሞተሩ ብረት ማለትም ከማሳ ጋር ያገናኛል፤ ስለዚህ ቁልፍ ስታዞሩ መብራት ይበራል። ግፊት ሲመጣ ኮንታክቱ ይከፈታል፣ መብራቱ ይጠፋል። የሚከፈትበት ግፊት በብዙዎቹ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መብራቷ የምትበራው ግፊቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መውረድ ሁሉ ዝም ብላ ታሳልፋለች።

ፈተናው ቀላል ነው። ቁልፉን አዙሩ፣ ሞተሩን አታስነሱ፤ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል፣ ምናልባትም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። አሁን ሽቦውን ከስዊቹ ንቀሉ፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ሽቦው ተነቅሎም ከበራ ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ አንድ ቦታ ብረት ነክቷል፤ ይህ የኤሌክትሪሽያን ሥራ ነው፣ ሞተራችሁ ምንም የለበትም። ከጠፋ ወደ ስዊቹ ሂዱ። ሶኬቱን ክፈቱና ውስጡ ዘይት አለ ወይ ብላችሁ እዩ፤ ዘይት ወደ ሶኬቱ የሚያሳልፍ ስዊች ተቀዷል፣ መቀየር አለበት። አዳዲስ መኪኖች ላይ ብዙ ሽቦ ያለው ሴንሰር ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል፤ እሱን እንደ ድሮው ከማሳ ጋር እያገናኛችሁ አትሞክሩት።

ከኮዬ ፈጬ የመጣች አንዲት ደንበኛዬ ቪትዝዋ ላይ ይህ መብራት እየበራ ሌላ ቦታ የዘይት ፓምፕ ግዢ ተብላ ነበር። የግፊት መለኪያ ጌጅ ስናስገባበት በጋለ ሞተር ሚኒሞው ላይ ከ1 ባር በላይ አገኘን። ስዊቹን ቀየርን፣ ሄደች። ፓምፑን ብትገዛና ብታስቀይረው ኖሮ የሞተሩ ፊት ሁሉ ይከፈት ነበር።

ጌጁ

ከዚህ በኋላ የሚደረግ ሁሉ በግምት ከሆነ ገንዘብ ማቃጠል ነው። የሚያስፈልገው ከ0 እስከ 7 ወይም እስከ 10 ባር የሚያነብ የግፊት ጌጅ፣ ዘይትና ሙቀት የሚችል የጎማ ቱቦ፣ እና በስዊቹ ቦታ የሚገባ ጥርስ ያለው ማገናኛ ነው። በቶዮታዎች ላይ የስዊቹ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 1/8 የሚባለው ሾጣጣ ጥርስ ነው፤ የሚፈታውም በ24 ቁጥር ረጅም ቡሶላ ነው። ሌላ ስሪት ከሆነ ስዊቹን ይዛችሁ ሂዱና መርካቶ ላይ ለክታችሁ ግዙ፤ የማይገጥም ጥርስ አስገድዶ ማጥበቅ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ንዱትና አግሉት። አጥፉት። ዘይቱ ቆዳ ይልጣል፤ ጓንት አድርጉ፣ ከስዊቹ ሥር ጨርቅ አኑሩ። ስዊቹን ፈትታችሁ ማገናኛውን በእጅ ጀምሩት፣ ከዚያ በቁልፍ ልክ አጥብቁት። ቴፍሎን ከጠቀለላችሁ የጥርሱን ጫፍ አትሸፍኑ፤ የተቆረጠ ቁራጭ ወደ ዘይት መንገዱ እንዳይገባ። ቱቦውን ከጭስ ማውጫውና ከቺንጋው አርቃችሁ በሽቦ እሰሩት። ይህን አጥብቄ የምለው ቱቦ ተነቅሎ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ዘይት ቢረጭ እሳት ስለሚነሳ ነው። ሞተሩን አስነሱ፣ ማገናኛው የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወዲያው አጥፉ።

አሁን ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ በሚኒሞ፣ በ2,000 ዙር፣ በ3,000 ዙር። ለብዙዎቹ የድሮ ቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ፋብሪካው የሚፈቅደው ዝቅተኛ ግፊት ሞተሩ ግሎ በሚኒሞ 0.3 ባር ያህል ነው፤ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ባር። 0.3 ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ነገር ግን በሚኒሞ ላይ ክራንክ ሻፍቱ የሚሸከመው ሸክም ቀላል ስለሆነ ይበቃዋል። እኔ በጋለ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ0.7 በላይ ሳይ ደስ ይለኛል። የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከጥገና መጽሐፉ ፈልጉ። ጌጁ በፒኤስአይ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል። በሚኒሞ ዝቅ ብሎ በ3,000 ጥሩ ከሆነ፣ በተለይም ጠዋት በብርድ ጥሩ ሆኖ ሲግል ከወረደ፣ ወይ ዘይቱ ቀጥኗል ወይ ብሮንዙ ሰፍቷል። በሁሉም ዙር ዝቅ ካለ፣ በብርድም ጭምር፣ ፓምፑን ወይም የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩን ጠርጥሩ፤ ቫልቩ ትንሽ ብናኝ ገብቶበት ተከፍቶ ከቀረ ዘይቱ ሞተሩን ሳይዞር ወደ ኮፓው ይመለሳል። ዙር ስትጨምሩ መርፌው ወደ ላይ በመሄድ ፈንታ እየተንቀጠቀጠ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጥቷል፤ ሥር ያለው መሳቢያ ወንፊት ተዘግቷል ወይም የመሳቢያው ጎማ አየር ያስገባል።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ትኩረቴን ይይዘዋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሞተር ያወረደበት ነገር ነው። ዶልፊን የሚነዳ አንድ ወንድም ሞተሩ እንዲወርድ ከተወሰነበት በኋላ ለሁለተኛ ሐሳብ አመጣው። በጋለ ሞተር በሚኒሞ 0.2፣ በ2,000 ዙር 1.2 አነበብን፤ በ3,000 ግን ወደ 0.9 ወረደ። ብሮንዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዙር ሲጨምር ግፊቱ መጨመር ነበረበት። ኮፓውን አወረድን። ወንፊቱ በግራጫ ማስቲሽ ግማሽ በግማሽ ተደፍኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት ኮፓውን የገጠመ ሰው ማስቲሹን አትረፍርፎ ቀብቶት፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ደርቆ ተቆርጦ ወድቋል። አጥበን፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ አድርገን ስንለካው በሚኒሞ 0.9፣ በ3,000 ደግሞ 3.4 ባር ሆነ። ማስቲሽ ስትቀቡ ስስ መስመር ይበቃል፤ ከቡሎኑ ቀዳዳ ወደ ውስጥ በኩል ዙሩት፣ ግን ወደ ውስጥ ተጨፍልቆ የሚንጠለጠል እስኪሆን አታብዙ።

ከዚሁ ጋር፣ እባካችሁ፣ ጥቁር አተላ በያዘ ሞተር ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ጨምሮ አስነስቶ "ማጠብ" ይቅር። ነጭ ጋዙ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ብሮንዙ በዚያ ሰዓት ያለ መከላከያ ይሠራል፤ ከግድግዳው የተላቀቀው አተላም ተሰብስቦ የሚሄደው ወደዚያው ወንፊት ነው። አተላ ያለው ሞተር የሚጸዳው ኮፓው ወርዶ በእጅ ነው፤ ከዚያም በጥሩ ዘይት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ በመቀየር።

ፊልትሮው የሚናገረው

ጌጁ ግፊቱ በእውነት ዝቅ ማለቱን ካሳየ ዘይቱን ስታወርዱ ፊልትሮውን አትጣሉት። ቆርቆሮውን በመቀስ ወይም በመጋዝ ክፈቱ፣ የመጋዙ ብናኝ ከውስጡ ጋር እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ። ወረቀቱን ዘርጉና ፀሐይ ላይ እዩት። ማግኔት አስጠጉ፤ የሚሳበው ብረት ነው፣ ከሰንሰለት ወይም ከማርሽ ጥርስ ሊመጣ ይችላል። ማግኔት የማይስበው ግን የሚያብለጨልጭ ቅርፊት፣ በተለይ ወደ መዳብ ቀለም የሚያደላ፣ ከብሮንዝ የመጣ ነው። እሱን ካያችሁ መኪናው ከዚያ አይነዳም።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ፊልትሮው ራሱ ምክንያቱ ሊሆን ስለሚችል በታወቀ ፊልትሮ ቀይራችሁ እንደገና ለኩ። ፊልትሮ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ስለሚከፈት ብዙ ጊዜ ግፊቱን ብቻውን አይጥለውም፤ ነገር ግን ያልተጣራ ዘይት ወደ ብሮንዙ ይልካል፣ እሱም ነገ ዞሮ ይመጣል።

የወረደው ዘይት የት ይሂድ? በጀሪካን ሰብስቡት። እኛ ያለንበት የአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ በዚያ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፣ አትክልቱም ወደ ከተማው ገበያ ይሄዳል። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ወደ ገበታችን ይመለሳል።

ኮፓው ከወረደ በኋላ

መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥር አትግቡ፤ የብረት መደገፊያ ይኑር። ኮፓው ሲወርድ መጀመሪያ ወንፊቱን፣ ቀጥሎ የመሳቢያውን ጎማ ወይም ጓርኒሲዮን እዩ፤ ጎማው ደርቆና ጠፍጥፎ ከሆነ በጥቂት ብር የሚፈታ ነገር ነው። ከዚያ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ። ፒስተኗን አውጡ፣ ስፕሪንጉን አጽዱ፣ ዘይት ነክራችሁ ወደ ቀዳዳዋ ስትመልሷት በራሷ ክብደት ተንሸራታ መውረድ አለባት። ጭረት ካለባትና የምትይዝ ከሆነ ቀይሯት።

ፓምፑን ለማየት በብዙዎቹ የድሮ ኮሮላ ሞተሮች የፊቱ ቺንጋ መውጣት አለበት፤ በሰንሰለት ሞተሮች ደግሞ የፊት ሽፋኑ። ሥራው ብዙ ስለሆነ ወንፊቱና ቫልቩ ንጹሕ ሆነው ካልተገኙ በቀር ወደዚያ አትሂዱ። ከፈታችሁት በፓምፑ ማርሾችና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት ውስጥ በሚገቡ ስስ የብረት ምላሶች) ለኩ፣ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ከሶማሌ ተራ የተሠራበት ፓምፕ ከገዛችሁ ይህንኑ ልኬት ሱቁ ደጃፍ ላይ አድርጉ፤ የሌላውን ሰው የተበላ ፓምፕ አምጥታችሁ በእናንተው ላይ አትግጠሙ።

ብሮንዙን ለማየት አንድ የቢዬላ ካፕ ፈትታችሁ አውርዱ። ጤነኛ ብሮንዝ ወጥ ግራጫ ነው። የመዳብ ቀለም ብቅ ካለ ሽፋኑ አልቋል። ክፍተቱን ለመለካት ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ፤ ክሩን ዘንጉ ላይ አኑራችሁ ካፑን በተባለው ጉልበት አጥብቁ፣ ክራንኩን ሳታዞሩ መልሳችሁ ፍቱ፣ የተጨፈለቀውን ስፋት ከመለኪያ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የክራንኩ ገጽ ለጥፍር የማይሰማ ልስልስ ከሆነና በማይክሮሜትር ክብነቱ ካልተዛባ፣ በብዙ ሞተሮች ብሮንዙን ከሥር መቀየር ይቻላል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ግን ክራንኩ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ተላጭቶ በዚያው ልክ ወፍራም ብሮንዝ ይገባለታል። ሞተር ይውረድ የምለው እዚህ ስንደርስ ነው፤ ለባለንብረቱም የምነግረው ጌጁን፣ ወረቀቱንና ቅርፊቱን እጁ ላይ አድርጌ ነው። ገንዘቡ የእሱ ስለሆነ ማየት ይገባዋል።

ስለ ወፍራም ዘይት ሁሉም ይጠይቀኛል። ጌጁ ብሮንዙ መስፋቱን ካሳየ፣ ፊልትሮው ውስጥ ቅርፊት ከሌለ፣ ባለንብረቱም ለጊዜው አቅም ከሌለው፣ ለድሮ ሞተር 20/50 ሞልቶ እንደገና መለካት ተገቢ ነው። ሲግል በሚኒሞ ከ0.3፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 ባር በላይ ከያዘ፣ በረጋ ፍጥነት እየነዳችሁ ገንዘብ ማጠራቀም ትችላላችሁ። ቪቪቲ ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን አልመክርም፤ የካም ሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ጊዜ የሚያስተካክለው ያው ዘይት ነው፣ በጠባብ መንገድና በትንሽ ወንፊት ነው የሚያልፈው፣ ሲወፍር ይዘገያል። በጠርሙስ የሚሸጥ ዘይት ማወፈሪያ ለማንኛውም ሞተር አላደርግም፤ ቀጥሎ የሚለካውን ሰው ያሳስታል።

መኪና የምትገዙ ሰዎችም ይህን ያዙ፦ ቁልፍ አዙሩ፣ የዘይት መብራቷ መብራቷን አረጋግጡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ብቻዋን መጥፋቷን እዩ። ከቻርጅ መብራቱ ጋር አንድ ላይ ተገናኝታ አብራ የምትጠፋ አጋጥማኛለች። ጠዋት ብቻ እንድታዩት ቀጠሮ የሚሰጥ ሻጭ ካለ ከሰዓት በኋላ ይሁን በሉት፣ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ከዚያ በሚኒሞ አቁማችሁ ኤሲውን አብሩ።

ሥራው ካለቀ በኋላ

ስዊቹን ስትመልሱ አታንቁት፤ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። አዲሱን ፊልትሮ አቋቋሙ ከፈቀደ ዘይት ሙሉበትና ግጠሙ። ፓምፑ ተፈትቶ ከነበረ ውስጡን በዘይት ወይም በቫዝሊን ሙሉት፤ ደረቅ ፓምፕ አይስብም። የነዳጁን ፊውዝ ንቀሉ፣ በናፍጣ ሞተር የነዳጅ መዝጊያውን ሽቦ ንቀሉ፣ ከዚያ በስታርተር ብቻ አጭር አጭር እያደረጋችሁ መብራቷ እስክትጠፋ ወይም ጌጁ እስኪነሳ አዙሩ፤ ስታርተሩንም በየመሃሉ አሳርፉት። አሁን ፊውዙን መልሱ፣ አስነሱ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ ሥሩን ለጠብታ ተመልከቱ።

ሲግል ሦስቱን ቁጥሮች እንደገና ለኩ። ቀኑን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡን፣ የዘይቱን ዓይነትና ሦስቱን ግፊቶች በማይጠፋ ማርከር ጽፋችሁ ኮፋኖው ሥር ለጥፉ፤ ቀጣዩ የዘይት ቅያሪ ሲደርስ በዚያው ዘይት፣ በዚያው ሙቀት ለክታችሁ ከሥሩ ጻፉ። በሚኒሞው ላይ ያለው ቁጥር ከቅያሪ ወደ ቅያሪ እየወረደ ከመጣ ብሮንዙን ሳይመታ በፊት ለመቀየር ቀን መያዝ ትችላላችሁ።